የሚመዘገብ ክብደትና የማይመዘገብ ሸክም፦ የጡንቻ ማጠንከሪያ መመሪያዎች ከመካነ ሰላም ሲነበቡ

የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መግለጫ ጤናማ አዋቂዎች ጡንቻቸውን ለማጠንከር ክብደት ሲያነሡ በምን ደረጃ ወደፊት መራመድ እንዳለባቸው የሚዘረዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን የመጀመሪያውን መግለጫ የተካ ሲሆን፣ በስፖርት ቤቶችም ሆነ በአሠልጣኞች መማሪያዎች ውስጥ ምንጩ ሳይጠቀስ ሲደገም ይታያል። «በየሳምንቱ ክብደት ጨምር፣ ሁሉንም በደብተር መዝግብ፣ ገደብህን ግፋ» የሚለው የስፖርት ቤት ምክር ከዚህ ሰነድና ከመሰሎቹ የተቀዳ ነው፤ ሲቀዳ ግን ብዙ ነገር ተንጠባጥቧል። ሰነዱን ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሆኖ የሚያነብ የጤና ባለሙያ ደግሞ ከተንጠባጠበው ሌላ ከመነሻውም ያልተጻፈ ነገር እንዳለ መገንዘቡ አይቀርም።

ከመልካም ጎኑ መጀመር ተገቢ ነው። መግለጫው «በርታ» ብሎ አይተውም፤ ቁጥር ይሰጣል። ጀማሪ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣው ከሚችለው ከፍተኛ ክብደት ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆነው እንዲሠራ ይመክራል። ከፍ ያለ ልምድ ያለው ከ80 በመቶ በላይ እንዲሄድ ይፈቅዳል። የክብደት ጭማሪውም በስሜት የሚወሰን አይደለም። ሠሪው ከታቀደለት ድግግሞሽ በላይ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጨመር ሲችል ብቻ ከ2 እስከ 10 በመቶ እንዲጨመር ያዝዛል። ይህ ለሐኪም እንግዳ አስተሳሰብ አይደለም። የመድኃኒት መጠን በታማሚው ምላሽ እየታየ ከፍ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ክብደትም በሰውነት ምላሽ እየተለካ የሚታዘዝ መጠን ሆኗል ማለት ነው።

የዚህ አስተሳሰብ አባት የሚባለው ቶማስ ዴሎርም ሐኪም ነበር። በጉርምስናው ሩማቲክ ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሎት፣ ከዳነ በኋላ ሰውነቱን በብረት ማንሣት የገነባ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቺካጎ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሲያገለግል፣ ጉልበታቸው ተጎድቶ ጭናቸው የመነመነ ወታደሮች በተለመደው ቀላል ልምምድ ለወራት ሲንገላቱ ተመለከተና ክብደት እያስጨመረ ያሠራቸው ጀመር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። በ1948 ከዋትኪንስ ጋር ዘዴውን ቀለል በማድረግ በሦስት ዙር ወሰነው፦ ታማሚው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለው ክብደት ይፈለጋል፤ ከዚያ በግማሹ 10 ጊዜ፣ በሦስት አራተኛው 10 ጊዜ፣ በሙሉው 10 ጊዜ ይሠራል። በአማርኛችን «ጉልበት» የመገጣጠሚያውም የኃይልም ስም መሆኑ ለዚህ ታሪክ የተዘጋጀ ይመስላል። የክብደት ደብተር የተወለደው መስታወት በተደረደረበት አዳራሽ ሳይሆን በሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ በተጎዳ ጉልበት ላይ ነው።

የ2009ኙ መግለጫ ይህን የትውልድ ስፍራውን ረስቶታል። «ጤናማ አዋቂ» የሚለው ሰው ቀኑን ተቀምጦ የሚውል፣ ጠግቦ የሚበላ፣ በቂ እንቅልፍ የሚያገኝና በብረቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ሰነዱ ይህን በግልጽ አይናገርም፤ ስሌቱ ሁሉ ግን በዚህ ግምት ላይ የቆመ ነው። ከዚህ ቀደም የቀረበበት ሂስም በሌላ አቅጣጫ ያተኮረ ነበር። ካርፒኔሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያውን መግለጫ አብጠርጥረው፣ ብዙ ዙርና ውስብስብ መርሐ ግብር ከአንድ ዙር እንደሚበልጥ የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም ብለዋል። ጠንካራ ሂስ ነው፤ በአብዛኛውም ተገቢ ነው። ክርክሩ ግን ስፖርት ቤት ውስጥ ስንት ዙር ይሠራ በሚለው ላይ እንጂ፣ ሰውየው ወደ ስፖርት ቤቱ ከመድረሱ በፊት ምን ተሸክሞ ዋለ በሚለው ላይ አልነበረም።

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ በ2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደጋው በአንድ ወገን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ከወግዲና ከከላላ እስከ አማራ ሳይንት ባለው አገር እህል፣ ውሃ፣ ማገዶና ማዳበሪያ ከዳገት ዳገት የሚጓዙት በአህያና በበቅሎ፣ ካልሆነም በሰው ጀርባ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ካምፓሱን በከተማዋ ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ይገኙባታል። ስለዚህ ብረት የሚገፋውም ወጣት ጆንያ የሚሸከመውም ጎልማሳ አንድ ተመላላሽ ክፍል ፊት ተራ ሊጠብቁ ይችላሉ። ሁለቱም «ወገቤን አመመኝ» ይላሉ፤ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ማስታገሻና «ከባድ ነገር አታንሣ»።

በመጀመሪያ ወጣቱን እንመልከት። በአገራችን ትናንሽ ከተሞች ብዙው የማንሻ ብረት በጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ በቧንቧ ጫፍ ላይ የተሠራ ነው። ክብደቱን በትክክል የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል፤ የግራውና የቀኙም ጣሳ እኩል ላይሆን ይችላል። መግለጫው ከ2 እስከ 10 በመቶ ጨምር ይላል። 20 ኪሎ ለሚያነሣ ጀማሪ ይህ ከ400 ግራም እስከ 2 ኪሎ ማለት ነው። በተጨባጭ የሚያገኘው ቀጣዩ ብረት ግን 25 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ጭማሪው 25 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ትከሻውን ወይም ወገቡን ይዞ የሚመጣ ወጣት ብዙ ጊዜ «ገደቡን የገፋ» ሳይሆን ደረጃ ያልነበረው መሰላል የወጣ ነው።

መፍትሔው ግን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሰነዱ ይህን ሳያነሣ ማለፉ ለማን እንደተጻፈ ከሚያጋልጡት ምልክቶች አንዱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን እንግዲህ በየግማሽ ኪሎው ሊስተካከል የሚችል የክብደት መሣሪያ ነው፤ ከውጭ በሚመጣ ውድ ብረት እንኳ ይህን ያህል ጥቃቅን ጭማሪ ማግኘት ቀላል አይደለም። የሲሚንቶውም ጣሳ እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ቢወጣና ቁጥሩ በቀለም ቢጻፍበት ችግሩ ያበቃል። ይህም ባይሆን ክብደቱን ሳይለውጡ ድግግሞሹን መቁጠር ይቻላል። ያንኑ ብረት ባለፈው ሳምንት 8 ጊዜ ያነሣ ሰው ዛሬ 11 ጊዜ ካነሣ በእርግጥ በርትቷል፤ ደብተሩ ኪሎ ባይኖረውም እውነቱን ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ብርታት በአብዛኛው የነርቭ ሥርዓቱ ጡንቻውን በተሻለ ሁኔታ ማዘዝ ከመልመዱ የሚመጣ መሆኑን ሞሪታኒና ደቭሪስ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳይተዋል። ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት «ቁጥሩ ጨመረ፤ ክንዴ ግን አልወፈረም» ብሎ ዱቄትና መርፌ ፍለጋ ለሚሄደው ወጣት፣ ይህ የሚጠበቅ እንጂ የውድቀት ምልክት እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል።

«ገደብን መግፋት» የሚለውም አነጋገር መመርመር አለበት። እጅ እስኪዝል ማንሣት ጥንካሬን በተለየ ሁኔታ አይጨምርም፤ የሥራው ጠቅላላ መጠን እኩል ከሆነ፣ አንድ ሁለት ድግግሞሽ ሲቀረው የሚያቆም ሰው ከሚዝለው ሰው ጋር ተቀራራቢ የጥንካሬ ውጤት እንደሚያገኝ የተሰባሰቡ ጥናቶች ያመለክታሉ። አደጋው ግን እኩል አይደለም። ማክዱጋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 አምስት ልምድ ያላቸው ክብደት ሠሪዎች በደም ሥራቸው ውስጥ መለኪያ ገብቶላቸው በሁለት እግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ ያዩት አማካይ የደም ግፊት 320/250 ነበር፤ በአንደኛው ሰው ከ480/350 በላይ ደርሷል። ትንፋሽ አፍኖ መግፋት ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ነው። ጤናማ የደም ሥር ይህን ለጥቂት ሰከንድ ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው ተመዝግቧል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ስለሁኔታቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ዴሎርምን በልጅነቱ አልጋ ላይ የጣለው ሩማቲክ ትኩሳትም በእኛ አገር የልብ በር አበላሽቶ የሚያልፍ በሽታ ነው። አንድ ደቂቃ የሚወስድ የግፊት ልኬትና የልብ ማዳመጥ እንግዲህ ከማንኛውም መርሐ ግብር መቅደም ይኖርበታል። መግለጫው «ጤናማ» በሚል አንድ ቃል ያለፈው ይህ ሁሉ ነው።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሠራ ሰው በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ጡንቻው አብጦ፣ ሽንቱ የጠቆረ ቡና መስሎ ሊመጣ ይችላል። የሽንት ምርመራ ወረቀቱ ደም እንዳለ ያሳያል፤ በማይክሮስኮፕ ግን ቀይ የደም ሕዋስ አይታይም። ይህ የጡንቻ መሰባበር ምልክት ነው እንጂ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አይደለም። ፀረ ተሕዋስያን ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ቢሸኝ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ፈሳሽ፣ የሽንት መጠን ክትትልና የፖታሲየም ልኬት ነው።

ወደ ጎልማሳው ስንመለስ የሰነዱ ክፍተት ይበልጥ ይሰፋል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የማዳበሪያና የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። 55 ኪሎ የሚመዝን ጫኝና አውራጅ አንድ ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ ሲያደርግ የራሱን ክብደት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሸክም ያዘ ማለት ነው። በስፖርት ቤት ይህን ያህል የሚያነሣ ሰው ይጨበጨብለታል፤ በደብተሩም ላይ ያሰምርበታል። ጫኝና አውራጁ ግን በአንድ ጠዋት ደጋግሞ ያነሣዋል፤ የሚመዘግብለትም የለም። በስሌት ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ክብደቱን የሚወስነው ጆንያው እንጂ ተሸካሚው አይደለም። ከቀላሉ ተነሥቶ በ2 በመቶ እየጨመረ የሚደርስበት መንገድ የለም፤ የመጀመሪያ ቀኑ ጆንያና የአሥረኛ ዓመቱ ጆንያ እኩል ናቸው። በዙሮች መካከል የሚያርፈው የመኪናው ተራ እስኪደርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በጆንያ ቁጥር ስለሆነ፣ ጡንቻው የሚጠግንበት የእረፍት ቀን ገቢ የሌለው ቀን ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው 128ኛ የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጅ የሚያጓጉዘው ከፍተኛ ክብደት ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት ወደዚህ መጠን እንዲወርድ አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሻሻለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ቀመር ደግሞ ሁኔታዎች ሁሉ በተመቻቹበት ጊዜ እንኳ ከ23 ኪሎ ይነሣል። ኩንታሉ ከመጀመሪያው ቁጥር በእጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ ከሁለተኛው ከአራት እጥፍ የሚበልጥ ነው። የስፖርት መግለጫውና የሥራ ደኅንነት ቀመሩ የተጻፉት ስለ አንድ ዓይነት አከርካሪ ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያው «እንዴት ይጨምር»፣ ሁለተኛው «የት ይቁም» እያሉ አንዱ ሌላውን ሳይጠቅስ ይጓዛሉ።

የመለኪያ ቅጾቻችንም ይህን ክፍተት አይሞሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከማድረጋቸው ሌላ፣ ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎቻቸውን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ድርጅቱ ራሱ ያዘጋጀውና በ2015ቱ ጥናት የሚመደብበት ዓይነት መጠይቅ ግን ስለ ጡንቻ ማጠንከር የሚጠይቅበት መስመር የለውም። ከባድ ሸክም ማንሣትን የሚጠቅሰው ለጠንካራ የሥራ እንቅስቃሴ ምሳሌ አድርጎ ሲሆን፣ የሚመዘግበውም ቀንና ደቂቃ ብቻ ነው። 100 ኪሎ የተሸከመውም 10 ኪሎ የተሸከመውም አንድ ሰዓት ከሠሩ አንድ ሰዓት ተብሎ ይጻፍላቸዋል። ከወንዝ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴትም በዚሁ ሒሳብ «በቂ እንቅስቃሴ የምታደርግ» ተብላ ታልፋለች። ኪሎው ከመዝገቡ ሲወጣ ጉዳቱም አብሮ ይወጣል።

ለሥራ የሚደረግ ከባድ እንቅስቃሴ ለፈቃድ እንደሚደረገው ስፖርት ጤና ይሰጣል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም አከራካሪ ነው። ኩነንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሰባሰቧቸው ጥናቶች በከባድ የጉልበት ሥራ የተሰማሩ ወንዶች ቀድመው የመሞት ዕድላቸው በ18 በመቶ ከፍ እንደሚል ሲያሳዩ፣ በ2021 በኖርዌይ የወጣ ሰፊ ጥናት በወንዶች ላይ ተቃራኒውን አግኝቷል። ሁለቱም የበለጸጉ አገሮችን ሠራተኞች የሚመለከቱ በመሆናቸው ለቦረና ፍርድ ሊሰጡ አይችሉም። የእጅ ጭብጥ ኃይል በ5 ኪሎ በቀነሰ ቁጥር የመሞት ዕድል በ16 በመቶ እንደሚጨምር ያሳየውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የ17 አገሮች ጥናት እንኳ ከአፍሪካ ያካተተው ደቡብ አፍሪካንና ዚምባብዌን ብቻ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ከባድ ክብደት ለጥቂት ሰከንድ ማንሣት በጡንቻ ውስጥ በተከማቸ ኃይል የሚከናወን ስለሆነ የአየሩ መሳሳት ያን ያህል አይጎዳውም፤ ከቆላ የመጣ ሰው በዙሮች መካከል ረዘም ላለ ጊዜ ቢያርፍ ይበቃዋል። የደጋው ነዋሪ ደግሞ የተለየ ነው፦ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም የደም ኦክሲጅናቸውም በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል።

ምግቡ ግን በቸልታ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ወንዶች 33 በመቶ፣ ከሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ። ጡንቻ የሚያፈራ ልምምድ ለሚሠራ ሰው የሚጠቀሰው የፕሮቲን መጠን በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 88 ግራም ይደርሳል። ይህን በጾም ወራት ከሽሮ፣ ከባቄላና ከምስር ማግኘት የሚቻል ቢሆንም ብዙ መጠን ይጠይቃል፤ ክረምቱ ገብቶ ጎተራው በሚጎድልበት ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። እርሻና አረም በሚበረታበት፣ እህል በሚያንስበት ወቅት ክብደት ጨምር የሚል መርሐ ግብር ሰውነትን ከራሱ ያስበላዋል። በዚያ ወቅት ቁጥሩ ባለበት መቆየቱ ራሱ ውጤት ተደርጎ መመዝገብ ይገባዋል። መግለጫው ዕድገትን ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ መስመር አድርጎ ስላየው፣ የገበሬ ዓመት በውስጡ ቦታ አላገኘም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰነዱን ወደ ጎን መጣል ይሻላል የሚል ካለ ተሳስቷል። የሚያስፈልገው ወደ ተወለደበት ክፍል መመለስ ነው። «ከባድ ነገር አታንሣ» የተባለው ጫኝና አውራጅ ምክሩን መፈጸም አይችልም፤ ቢፈጽመውም ለሳምንታት ተኝቶ ጡንቻው ከላላ በኋላ ወደዚያው መቶ ኪሎ ይመለሳልና ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይከፋል። ዴሎርም ለወታደሮቹ ያደረገው ለዚህ ሰው ይሠራል። በመጀመሪያ ቁጥሩ ይጠየቃል፦ «በቀን ስንት ጆንያ ያነሣሉ? እያንዳንዱስ ስንት ኪሎ ነው? ብቻዎን ነው ወይስ ለሁለት?» የእግር መዛል፣ የሽንት መቋጠር አለመቻልና የመሳሰሉት የአደጋ ምልክቶች እንደሌሉ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሕመሙ ረገብ ሲል ከወለል ላይ ግማሽ ጀሪካን ወገብን ሳያጎብጡ 10 ጊዜ ማንሣት ይጀመራል፤ ሳይከብደው 12 ጊዜ ሲያነሣ አንድ ሊትር ይጨመራል። ኩንታሉን ለሁለት መያዝ ወይም በ50 ኪሎ ከረጢት መክፈል ደግሞ ከነጋዴው ጋር የሚደረግ ንግግር ነው፤ የሐኪም የጽሑፍ ማስረጃ በዚህ ረገድ ከማስታገሻው የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

አዛውንቶችም ተመሳሳይ ትኩረት ይሻሉ። ፊያታሮንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ 10 አቅመ ደካሞችን ለ8 ሳምንት በከባድ ክብደት አሠርተው፣ የጭን ጡንቻ ጥንካሬያቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። በየመንደሩ የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብረት አያስፈልጋትም። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከዱካ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሡ መቁጠር፣ በሁለት ወር ተመልሳ ደግሞ መቁጠር ትችላለች። ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በማገገም ላይ ላለ፣ የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ጄሶው ለወጣለትም ያው ቁጥር ያገለግላል። የሚያስፈልገው የታማሚው ካርድ ላይ፣ ከደም ግፊቱና ከክብደቱ ሥር አንድ ተጨማሪ መስመር ነው፦ ያነሣው ኪሎ፣ ስንት ጊዜ፣ ቀን።